«መራ»፤ ሥርወ ቃሉና ርባታው

«መራ» የሚለው ግሥ ከግእዙ «መርሐ» የመጣ ነው። የግእዙ ግሥ መድረሻ ፊደል «ሐ» በአማርኛ ሲወድቅ ስፍራውን ራብዑ «ራ» ይዞታል። «ፈትሐ»ን «ፈታ»፣ «ሰምዐ»ን «ሰማ»፣ «በልዐ»ን «በላ» ያሰኘው ይኸው ሕግ ነው። የወደቀው ፊደል ግን ከግእዝ በቀጥታ በተወሰዱት «መርሕ» እና «መርሐ ግብር» ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በ«ሃ» «መርሃ ግብር» ብሎ መጻፍ ሥሩን ይሸፍናል።

የግሡ መነሻ ፍቺ መንገድ ለጠፋበት ወይም ለማያይ ሰው ፊት ፊት እየሄዱ ማድረስ ነው። የዋግ ከተማ ሰቆጣ ከአፋር በትግራይ በኩል የሚመጣ አሞሌ ጨው የሚሸጥባት የታወቀች ገበያ ነበረች። «ነጋዴው መንገድ መሪውን ተከትሎ ወደ ሰቆጣ አመራ» ብንል፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ሥሮች ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። «መሪ» እና «አመራ» ከ«መርሐ» ሲወጡ፣ «ነጋዴ» እና «መንገድ» ከግእዙ «ነገደ» (ተጓዘ፤ በንግድ ዞረ) ይወጣሉ። «እንግዳ»ም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው።

«አመራ» መልኩ የአስደራጊ ቢሆንም ተሳቢ አይወስድም፤ «ነጋዴውን አመራው» አይባልም። ሌላው እንዲመራ ማድረግ «አስመራ» ነው።

ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። «ይህ መንገድ ወደ ሰቆጣ ይመራል»፣ «ስሕተቱ ለጥፋት ይመራል» የሚሉት አነጋገሮች ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተቀዱ ናቸው። በአማርኛ መንገድ ይወስዳል፣ ስሕተትም ለጥፋት ያደርሳል እንጂ አይመራም። ኮከብ ሰብአ ሰገልን መራ መባሉ እንኳ ፊት ፊታቸው ስለ ሄደ ነው።

ከመንገድ ወደ ጽሕፈት ቤት ሲገባ ግሡ ይበልጥ ረብቷል። ሹሙ ደብዳቤውን ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል፤ ባለጉዳዩም ቦታ ይመራል፣ ድርጊቱም «ምሪት» ይባላል። (ከ«መረረ» ከሚወጣው «ምሬት» ጋር መምታታት የለበትም፤ በምሪት ጉዳይ የሚመላለሱ ሰዎች ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያውቋቸው ይሆናል።) «መምሪያ» ከአድራጊው «መምራት» ወጥቶ የሚመራበትን መሥሪያ ቤት ሲያመለክት፣ «መመሪያ» ከተደራጊው «መመራት» ወጥቶ ሰው የሚመራበትን ደንብ ያመለክታል። በአንዲት «መ» ብቻ የሚለያዩ በመሆናቸው በጽሕፈት ዘወትር ይምታታሉ።

ችግሩ በዋግ ኽምራ ይጎላል። በዚያ ከአማርኛ ጎን የሚነገረው ኽምጥኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ ወገኑም ኩሻዊ ስለሆነ የግእዙ ሥር ለተናጋሪው በራሱ አይታየውም። «የትምህርት መምሪያው መመሪያ አወጣ» የሚለውን ወደ ኽምጥኛ የሚመልስ ተርጓሚ ለሁለቱ ስያሜዎች ከአንድ ግሥ ቢነሣ፣ አውጪውና የወጣው ነገር ይደባለቁበታል። «ገበሬው መሬት ተመራ» የሚለውንም በመነሻ ፍቺው ቢተረጉመው፣ መሬት የተሰጠው ሰው መንገድ የተመራ ይመስላል። ስለዚህ የስያሜ ሥራው መጀመር ያለበት «መራ»ን በአንድ ቃል ከመመለስ ሳይሆን፣ ከላይ የተመለከቱትን ፍቺዎች ለየብቻ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ የአገሩ ሰው ምን እንደሚል ከመጠየቅ ነው።