ወተት የሚያረጋው ባክቴሪያም በቫይረስ ይታመማል!

 

ዛሬ ስለ እርጎ ነው የማወራችሁ። ስለ ካልሲየሙ ግን አይደለም፤ ወተቱን ስለሚያረጉት ባክቴሪያዎችና ስለ መከላከያቸው ነው። ወሬው መጨረሻ ላይ እኛው የምንውጠው አንቲባዮቲክ ጋ ያደርሰናል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

🦠 ባክቴሪያ በቫይረስ ይታመማል እንዴ?

አዎ! ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ አለ፤ ፋጅ ይባላል። ሰውን አያሳምምም፤ የቺዝ ፋብሪካን ግን ያከስራል። ፋጅ የገባበት ወተት እርሾ ቢጨመርበትም በወጉ አይኮመጥጥም፣ አይረጋም። ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1935 ኒውዚላንድ ውስጥ ዋይትሄድ እና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ገልጸውታል።

🧬 ፕላዝሚድ ምንድን ነው?

የባክቴሪያ ዋናው የዘር መረጃ ያለው ክሮሞዞሙ ላይ ነው። ፕላዝሚድ ደግሞ ከዚያ ውጪ ያለች፣ ብዙውን ጊዜ ክብ የሆነች ትንሽ ዲኤንኤ ናት። በኪስ እንደሚያዝ ማስታወሻ ደብተር ቁጠሯት። ራሷን ታባዛለች፤ አንዳንዷም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ትተላለፋለች።

ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለው የወተት ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር የሚጠቀምበት ጂን ራሱ ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ ላይ ነው ያለው። እሱ ከጠፋ ወተት ውስጥ በደንብ ማደግ ያቅተዋል።

🛡 ፕላዝሚድ ባክቴሪያውን እንዴት ይከላከልለታል?

1. በር መዝጋት፦ ፋጁ እንዳይጣበቅ ወይም ዲኤንኤውን እንዳያስገባ ያደርጋል።
2. መቆራረጥ፦ የገባውን የቫይረስ ዲኤንኤ በኢንዛይም ይቆራርጣል። የራሱን ዲኤንኤ ምልክት ስላደረገበት አይነካውም።
3. መስዋዕት መሆን፦ የተያዘው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ፋጁም ሳይባዛ ይቀራል። ጎረቤቶቹ ይተርፋሉ።

ከቫይረስ ሌላም ጥቅም አለው። ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ የተባለው የእርጎ ባክቴሪያ አንዳንድ ፕላዝሚዶቹ ላይ ሙቀትንና አሲድን ለመቋቋም የሚረዱ ፕሮቲኖችን የሚሠሩ ጂኖች ተገኝተዋል።

በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶድ ክሌንሃመር እና ባልደረቦቹ ፒቲአር2030 የተባለውን ፕላዝሚድ በተፈጥሯዊው መተላለፊያ መንገድ ወደ ቺዝ እርሾ ባክቴሪያዎች አሻገሩት። ባክቴሪያዎቹም ፋጅን መቋቋም ቻሉ። ግን በ1991 በወጣ ጥናት አንድ ፋጅ ከዚሁ ፕላዝሚድ የምልክት ማድረጊያውን ጂን ቁራጭ ወስዶ ተገኘ! ራሱ ላይ ምልክት እያደረገ ከመቆራረጥ አመለጠ። ሌባው የቤቱን ቁልፍ ሰረቀ ማለት ነው።

⚠️ ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?

በጣም ያገባናል። መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችም አንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂናቸውን የሚለዋወጡት በአብዛኛው በፕላዝሚድ ነው። በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከጥሬ ወተት በተሠራ ለስላሳ አይብ ውስጥ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮልን የሚቋቋሙ ጂኖች ያሉት አንድ የላክቶኮከስ ፕላዝሚድ አሳይቷል። ያውም በሽታ በማያመጣው ባክቴሪያ ላይ! ጥሩውም ባክቴሪያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እናቶች «ዶክተር፣ ላማችን መርፌ ተወግታለች፤ ወተቷን ለልጄ ልስጠው?» ይሉኛል። መልሴ፦ የእንስሳት ሐኪሙ የነገራችሁ ቀን እስኪያልፍ አትስጡ። ማፍላት ጀርሙን እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት ሁሉ አያጠፋም። ቅሪቱ የእርጎውን ባክቴሪያም ስለሚጎዳ ወተቱ አልረጋ ሊላችሁ ይችላል።

✅ ምን እናድርግ?

👉 ወተት አፍልታችሁ ተጠቀሙ። ጥሬ ወተትም ሆነ ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ይችላል። እርጎው መኮምጠጡ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።
👉 እርጎ ለማርጋት ወተቱን አፍሉ፣ ለብ እስኪል አብርዱ፣ ከዚያ ከፈላ ወተት የተሠራ ጥሩ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። እርሾው ከጥሬ ወተት ከሆነ ግን ማፍላታችሁ ከንቱ ነው።
👉 አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ። የጎረቤት ትራፊ ኪኒንም አይሆንም።
👉 ለከብቶቻችሁም ያለ እንስሳት ሐኪም አትውጉ።

አንቲባዮቲክ በዘፈቀደ በወሰድን ቁጥር መቋቋሚያ ፕላዝሚድ የያዘውን ጀርም ብቻ እያስተረፍን ነው። የምር ስንታመም ደግሞ የሚሠራ መድኃኒት እናጣለን።

ላም ላለው ወዳጃችሁ ይህን አድርሱልኝ።