ስለ ሌዝቢያን ሴቶች የሚነገሩ የጅምላ ፍረጃዎችና በሕክምና አገልግሎት ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

መግቢያ

የጅምላ ፍረጃ ማለት አንድን የኅብረተሰብ ክፍል በአንድ ቋሚ ሥዕል ወክሎ እያንዳንዱን ግለሰብ በዚያው ሥዕል መመዘን ነው። የሕክምና ባለሙያም ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ነፃ አይደለም። ሕመምተኛዋ ገና አፏን ሳትከፍት አለባበሷ፣ የፀጉሯ አቆራረጥ፣ ባለትዳር መሆን አለመሆኗ አስቀድሞ ይናገርባታል። ግምቱ የተሳሳተ እንደሆነ በግምቱ ላይ የተመሠረተው ምርመራም ይሳሳታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሴትን ስለሚያፈቅሩ ሴቶች፣ በተለምዶ ሌዝቢያን ስለሚባሉት፣ የሚነገሩ ፍረጃዎች ከየት እንደመነጩ፣ በጥናት ሲፈተሹ ምን ሆነው እንደሚገኙና እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች በሚሰጠው ሕክምና ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ማብራራት ነው።

ሁለቱ ከተሞች ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ አብነት የሚሆኑት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በእነዚህ ከተሞች ሰው በቤተሰቡ፣ በሠፈሩና በዕድሩ ይታወቃል፤ በጤና ተቋሙ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ሠራተኛ የሕመምተኛዋ አክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ምስጢር በቀላሉ በሚወጣበት ስፍራ ፍረጃ የሚያስከፍለው ዋጋ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ቡታጅራና አካባቢዋ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባቋቋመው የገጠር ጤና ፕሮግራም አማካይነት በሀገራችን በስፋት ከተጠኑ አካባቢዎች አንዱ ነው። በመሆኑም ከሚነገሩት ፍረጃዎች አንዳንዶቹን ከዚያው ከአካባቢው በተገኘ መረጃ መፈተሽ ይቻላል።

ሥዕሉ ከየት መጣ?

ብዙዎች ስለ ሌዝቢያን ሴት የሚነገረውን ሥዕል የሠሩት ጋዜጣና ፊልም ይመስላቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎች ግን ሐኪሞች ነበሩ። ጀርመናዊ-ኦስትሪያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ክራፍት-ኤቢንግ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃቭሎክ ኤሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1897 ባወጣው ሥራ፣ ሴትን የምታፈቅር ሴት በመንፈሷና በጠባይዋ ወደ ወንድ ያዘነበለች አድርገው አቀረቧት። መረጃቸው በአብዛኛው የተሰበሰበው ከጥቂት ግለሰቦች ታሪክ፣ ይልቁንም ለሕክምና ወይም ለፍርድ ከቀረቡ ሰዎች ነበር። በሰላም ውላ የምትገባው ሴት በጽሑፎቻቸው ውስጥ እምብዛም ስፍራ አላገኘችም።

ፊልም ይህን ሥዕል ተቀብሎ አባዛው። በአሜሪካ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው የፊልም ደንብ ጉዳዩን በግልጽ ማሳየት ይከለክል ነበር፤ ክልከላው ሲላላ ደግሞ እንዲህ ያለችው ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ የምታብድ ወይም በመጨረሻው ራሷን የምታጠፋ ሆነች። በአፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሁለት ወጣት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከው «ራፊኪ» የተሰኘው የኬንያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 በሀገሩ እንዳይታይ ታግዷል። የፊልሙ ዳይሬክተር ዋኑሪ ካሂዩ እንደገለጸችው፣ የሳንሱር ቦርዱ ፊልሙ በተስፋ መጠናቀቁ ቀርቶ በጸጸት እንዲያልቅ ጠይቋት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወር የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀናት አንሥቶለታል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው የሴቲቱ አለመኖር ሳይሆን ኖራ እንድትቀጣ መሆኑን ነው።

በሀገራችን መገናኛ ብዙኃን ጉዳዩ የሚነሣው በአብዛኛው ውዝግብ ሲፈጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ከተካሄደው የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ ቀደም ብሎ ሊደረግ የነበረው ስብሰባ የሃይማኖት መሪዎችን ተቃውሞ አስነሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአንድ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት የላሊበላ ጉዞ ዕቅድ ተወግዟል። የሁለቱም ክርክሮች መነሻ በዋናነት ወንዶችን የሚመለከት ሲሆን ሴቷ ከነጭራሹ አልታየችም። ቋንቋውም ይህንኑ ያሳያል። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከሰዶም ከተማ ታሪክ የተወረሰ ስለሆነ የሚያስታውሰው ወንዶችን ነው። ለሴቷ የቀረላት «ሌዝቢያን» የሚለው የውሰት ቃል ነው፤ ቃሉ ከውጭ በመምጣቱም ሰውየዋ ራሷ ከውጭ የመጣች ተደርጋ ትቆጠራለች።

አራት የተለመዱ ፍረጃዎች

1. «ወንዳ ወንድ ናት»

ፀጉሯን ያሳጠረች፣ ኳስ የምትጫወት፣ ድምፅዋ የጎረነነ ወይም ትዳር ያልፈለገች ሴት በዚህ ስም ትጠራለች። ይሁን እንጂ አለባበስና ጠባይ አንዲት ሴት ማንን እንደምታፈቅር አያመለክቱም፤ በልማዳዊው ሴትነት የሚታወቁ ሌዝቢያን ሴቶች አሉ፣ ወንዳ ወንድ የሚባሉና ባላቸውን የሚወዱ ሴቶችም አሉ። ከሕክምና አንጻር አደገኛው ነገር ግን ሌላ ነው። በፊት ላይ የሚበቅል ፀጉር፣ የወር አበባ መዛባትና ብጉር የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ይህ ሕመም በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን ያጠቃል። በመሆኑም መሳለቂያ የሆነችው ልጅ የሚያስፈልጋት የሆርሞንና የስኳር ምርመራ ሊሆን ይችላል። ከተለመደው የሴት ድርሻ መውጣት ሕመም አለመሆኑን ለመረዳትም የጉራጌን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የሴቶችን የትዳርና የፍቺ መብት የጠየቀችው የቃቄ ውርድወት በዘመኗ ከልማድ የወጣች ነበረች፤ ዛሬ ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ጭምር የቀረበ ኩራት ነው።

2. «ከውጭ የመጣ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2007 የፒው የጥናት ማዕከል ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶማዊነትን ሊቀበል አይገባም ብለዋል። ይህ የኅብረተሰቡን አቋም ያሳያል፤ የዝንባሌውን ምንጭ ግን አይገልጽም። አንትሮፖሎጂስቷ ጁዲት ጌይ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ጥናት በሌሶቶ ልጃገረዶች መካከል ያለውን የጠበቀ የፍቅር ትስስር መዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳይንስ መጽሔት የታተመና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያካተተ የዘር ውርስ ጥናትም፣ ዝንባሌን የሚወስን አንድ ዘረ መል እንደሌለ፣ ይልቁንም ብዙ ዘረ መሎች እያንዳንዳቸው አነስተኛ ድርሻ እንዳላቸውና አካባቢያዊ ሁኔታዎችም እንደሚጨመሩ አሳይቷል። አንዱም ጥናት ዝንባሌ በገንዘብ እንደሚገዛ ወይም ከጓደኛ እንደሚጋባ አላመለከተም። ፍረጃው ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱትን፣ አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩትን፣ ፀጉር የሚሠራሩትን ሴቶች ሁሉ ወደ ጥርጣሬ ያስገባል፤ የሀገራችን ሴቶች ለዘመናት የኖሩበትን እህትማማችነትም ያቆሽሻል።

3. «ወንድ ስለ በደላት ነው፤ ብታገባ ይለቃታል»

ይህን ፍረጃ ለመመዘን ከቡታጅራ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ በተለያዩ ሀገሮች ያካሄደው ጥናት የኢትዮጵያ ጣቢያ ቡታጅራ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3,000 በላይ ሴቶች ተጠይቀው፣ ባል ወይም የወንድ ጓደኛ ከነበራቸው መካከል 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከዚያው ሰው እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። የወንድ በደል የሴትን ዝንባሌ የሚለውጥ ቢሆን ኖሮ የአካባቢው ሴቶች አብዛኛዎቹ ሌዝቢያን በሆኑ ነበር። ያው አኃዝ የምክሩን አደገኛነትም ያሳያል፤ ያልፈለገችውን ትዳር እንደ መድኃኒት ማዘዝ ሴትን ለጥቃት አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቤተሰቦች ልጃቸውን የድንግልና ምርመራ ይደረግላት ብለው የሚያመጡት በዚሁ ጥርጣሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለውና ጎጂ ስለሆነ እንዲቆም ጠይቀዋል።

4. «በሽታ ወይም መንፈስ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪዋ ጁን ሆፕኪንስ 24 ሌዝቢያን ሴቶችን ከ24 ሌሎች ሴቶች ጋር አነጻጽራ፣ የሥነ አእምሮ ሕመምተኞች ናቸው የሚለውን ግምት የሚደግፍ ማስረጃ አላገኘችም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 17 ቀን 1990 ከበሽታዎች ዝርዝር ሰርዘውታል። የዓለም ሥነ አእምሮ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2016 ዝንባሌን በሕክምና መለወጥ እንደሚቻል የሚያሳይ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። በሌላ አነጋገር፣ ሥዕሉን የሠራው ሕክምና ራሱ ሥዕሉን አንሥቶታል።

ይህ ሲባል ግን እነዚህ ሴቶች አይታመሙም ማለት አይደለም። በተለያዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች የድብርት ሕመም፣ የጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በእነርሱ ላይ ከፍ ብሎ እንደሚታይ ያሳያሉ፤ መንሥኤውም ዝንባሌው ሳይሆን መገለል፣ ፍርሃትና የማያቋርጥ መደበቅ ነው። መገለል በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና በቡታጅራ በሚገባ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ከፍተኛ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ዘመዶች 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። የታከመ ሕመም እንኳ ይህን ያህል የሚያሳፍር ከሆነ፣ ስሙ የማይነሣ ነገር በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ፍረጃው በምርመራ ክፍል ውስጥ

ለአብነት ያህል፣ አንዲት የ28 ዓመት መምህርት ወደ ተመላላሽ ክፍል መጣች እንበል። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የልብ ምት መጨመር አለባት፤ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች። የመጀመሪያው ጥያቄ «እህቴ፣ እስካሁን ለምን አላገባሽም?» የሚል ከሆነ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። ሽማግሌ ተልኮባት ይሆናል፤ ከምታፈቅራት ሴት ጋር ተለያይታ ሐዘኗን የምትነግረው ሰው አጥታም ይሆናል። በካርዷ ላይ «ጨጓራ» ተብሎ ይጻፋል፤ የድብርት ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራል። «ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ስትጨነቂ ለማን ትነግሪያለሽ? ሕይወት አስጠልቶሽ ያውቃል?» ተብላ ብትጠየቅ ግን ማንነቷን መግለጽ ሳያስፈልጋት ችግሯን መናገር ትችላለች።

የአካል ጤናም በግምት ይጎዳል። «ወንድ አታውቅም» ተብላ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የማይደረግላት ሴት ትኖራለች። ብዙዎቹ ሌዝቢያን ሴቶች ግን በትዳር ወይም በግዳጅ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያደረጉበት ጊዜ አለ፤ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስም በሴቶች መካከል ሊተላለፍ ይችላል። በመሆኑም ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሚገኙ ሴቶች የሚሰጠው ቅድመ ምርመራና ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ለእነርሱም እኩል ያስፈልጋል። ያልወለዱ ሴቶች ለጡት፣ ለእንቁላል እጢና ለማኅፀን ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ የሚል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ሕግና የሙያ ምስጢር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም የወሲብ ድርጊትን ይከለክላል፤ ድንጋጌው ሴቶችንም ይመለከታል። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን እንጂ ስሜትን ወይም ለሕክምና መቅረብን አይደለም። ይኸው ሕግ በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያንም ይቀጣል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃለ መሐላም የሕመምተኛ የፆታ ዝንባሌ በሐኪሙና በግዴታው መካከል እንዳይገባ ያዛል። ስለዚህ ለሕክምናው የማያስፈልግ ጥያቄ መጠየቅ አይገባም፤ ለሕክምናው የማያስፈልግ ነገር በካርድ ላይ መጻፍም አይገባም። ሕመምተኛዋ የነገረችው ጉዳይ ለእናቷም ቢሆን ያለ ፈቃዷ አይገለጽም። አስተርጓሚ ሲያስፈልግም ከቤተሰቧ ወይም ከሠፈሯ ሰው ባይሆን ይመረጣል።

ማጠቃለያ

የሕክምና ባለሙያ የኅብረተሰቡ አባል እንደመሆኑ የራሱ እምነት ይኖረዋል፤ ይህ ጽሑፍም እምነቱን እንዲለውጥ አይጠይቅም። የሚጠየቀው ማስረጃ የሌለውን ሥዕል ይዞ ወደ ምርመራ ክፍል እንዳይገባ ነው። «ወንዳ ወንድ» የተባለችው የሆርሞን ምርመራ፣ «ትዳር ይፈውሳታል» የተባለችው ከጥቃት ጥበቃ፣ «መንፈስ አለባት» የተባለችው የድብርት ሕክምና ያስፈልጋት ይሆናል። ጠበል የምትሄድ ብትሆን እንኳ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እንድትሄድ በትሕትና መምከር ይቻላል። በትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ያለ ፍርሃት የምትናገርበት ክፍል አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያም የሐኪሙ ክፍል ነው። እርሱም ከተዘጋባት የሚቀጥለው ጉብኝቷ ራሷን ለማጥፋት ሞክራ በድንገተኛ ክፍል የሚሆንበት ጊዜ አለ።