ሕመሙ አልለቅ ሲል ጂፒው ወዴት ይልካል?

አገር ቤት «ሪፈር ተጻፈልኝ» ያለ ሰው ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ሲብስ ደግሞ ወደ ጥቁር አንበሳ። እንግሊዝ የሚኖር ወገናችንም ለዓመታት ያሠቃየውን የወገብ ሕመም ይዞ ጂፒው (የቤተሰብ ሐኪሙ) ዘንድ ሲቀርብ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ትልቅ ስፔሻሊስት፣ ካልሆነም ኤም አር አይ። ጂፒው ግን በአካባቢው ወዳለ የሕመም አያያዝ አገልግሎት ይልከዋል። ቀጠሮው የሠፈር ጤና ማዕከል ውስጥ ሆኖ ያገኘዋል፤ የሚያነጋግረውም ፊዚዮቴራፒስት ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። «ሕመሜን አላመኑኝም» ብሎ የሚቀርም አለ።

ቅሬታው ይገባኛል። ቀጠሮውን መተው ግን ራስን መጉዳት ነው።

ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በጤናማ ሁኔታ ሕመም ጠባቂ ነው፤ የተጎዳውን ክፍል እንድናሳርፈው ያስገድደናል፤ ጉዳቱ ሲሽርም ዝም ይላል። አንዳንዴ ግን ነርቮቻችንና አንጎላችን ንቁ እንደሆኑ ይቀራሉ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው፤ ጅቡ የለም፣ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው፤ እንቅልፍም ይነሳል። ኤም አር አይ የሚያሳየው ጅቡን እንጂ ጩኸቱን አይደለም። እንዲያውም ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ኤም አር አይ ሲነሡ የዲስክ መንሸራተት ወይም ማርጀት ይታይባቸዋል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2016 ለተለመደ የወገብ ሕመም ምርመራው እንዲሁ በዘልማድ እንዳይታዘዝ የመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

ጂፒው ከመላኩ በፊት ሌላ መታከም ያለበት በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ ካንሰር፣ ኢንፌክሽን፣ ስብራት፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ። ስለዚህ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሱ፣ ሌሊት ካላበዎት ወይም ትኩሳት ካለብዎት ሳይጠየቁ ይናገሩ። ቀጥሎ ደብዳቤው ይጻፋል፤ የቱ መድኃኒት እንደተሞከረ፣ ምን ምርመራ እንደተደረገ፣ ሕመሙ ከሥራና ከእንቅልፍ ምን እንደነጠቀዎት። «በጣም ያመኛል» ብቻ ለደብዳቤ አይበቃም። «ደረጃ መውጣት አቅቶኛል፣ የጽዳት ሥራዬን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀንሻለሁ» የሚለው ብዙ ይናገራል። የሚያቃጥል ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነም ይግለጹ፤ ይህ የነርቭ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱም ይለያል። አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ እንጂ ልጅዎን ይዘው አይሂዱ። እናት ስለ ሽንቷና ስለ ጭንቀቷ በልጇ አፍ እንዴት ትናገራለች?

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ወረፋው ወራት ሊፈጅ ይችላል። መካከል ላይ የሚሞላ መጠይቅ ይመጣል፤ ሳይመልሱት ቢቀሩ ስምዎ ከወረፋው ሊወጣ ይችላልና እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አይጣሉት። ስልክ ወይም አድራሻ ከቀየሩም ጂፒው ይወቅ።

አገልግሎቱ ሲጀመር ሕመሙን ነቅሎ እንደሚጥልልዎ ማንም ቃል አይገባም፤ ቃል የሚገባ ቢኖር እኔ አላምነውም። የሚሠራው ሕመሙ እያለም ሕይወት እንዲሰፋ ነው። አንዱ ዋና ትምህርት አቅምን መመጠን ነው። ቀለል ባለን ቀን ቤቱን አጽድተን፣ ገበያ ወጥተን፣ እንግዳ አስተናግደን እንጨርሳለን፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ። ባለሙያው ሥራውን በትንንሹ ከፋፍሎ፣ በጥሩውም በመጥፎውም ቀን ተመሳሳይ መጠን መሥራትን ያለማምዳል፤ እንቅስቃሴውም ቀስ በቀስ ይጨመራል። የሥነ ልቦና ባለሙያው የሚመደበው ሕመሙ የፈጠራ ስለሆነ ሳይሆን ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ነርቮችን ይበልጥ ስለሚያስቆጡ ነው። በብዙ ቦታ ይህ ትምህርት በቡድን ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል።

መድኃኒትን በተመለከተ አገሪቱ አቋሟን ቀይራለች። ሕመሙ በሌላ በሽታ የማይብራራ ከሆነ የናይስ የ2021 መመሪያ ፓራሲታሞልም ሆነ ኢቡፕሮፌን፣ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል፣ ጋባፔንቲንም እንዳይጀመሩ ይመክራል፤ እንቅስቃሴን፣ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምናን፣ አኩፓንክቸርንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን ግን ይፈቅዳል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ ቢታዘዝልዎ «እብድ አሉኝ» አይበሉ፤ የሕመምን መልእክት ለማብረድም ያገለግላል። እንደ ሞርፊን ያሉት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊግራም ሞርፊን ጋር የሚስተካከል መጠን ካለፉ ጉዳታቸው በእጅጉ ይጨምራል፣ ጥቅማቸው ግን አይጨምርም። ይሁንና ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን ኮዴይን ወይም ጋባፔንቲን በአንድ ጊዜ አያቋርጡ፤ በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ይቀነሳል። ጸበል ሲገቡ መድኃኒት የሚተዉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። በጾም ወቅት ባዶ ሆድ ላይ ኢቡፕሮፌን መዋጥም ጨጓራን ይጎዳልና መጾምዎን ለፋርማሲስቱ ይንገሩ።

የወገብ ሕመም ኖሮብዎ በድንገት በጭንዎ መካከልና በመቀመጫዎ ዙሪያ ቢደነዝዝዎ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ቢያቅትዎ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ቢዝሉ ቀጠሮ አይጠብቁ። የሚያደርሰዎት ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከሌለ 999 ይደውሉ።