«ወንድ ልጅ ይዘገያል» እስከ መቼ? ልጆቻችን በየዕድሜያቸው ምን ማድረግ አለባቸው?



ከጥቂት ወራት በፊት እዚህ ነገሌ ቦረና አንዲት እናት ልጇን ተቅማጥ ይዞት አመጣችው። ዕድሜውን ስጠይቃት «ካለፈው ትልቁ ዝናብ በፊት በነበረው ነው የወለድኩት» አለችኝ። ቆላው ላይ የብዙ ልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው እንዲህ ነው። አብረን ስናሰላው 20 ወር ሆነው። ልጁ ግን እንኳን ሊሄድ ተደግፎም አይቆምም። «አያቱ ወንድ ልጅ ይዘገያል ስላለችኝ ነው እኮ፣ ዶክተር።» የክንዱን ዙሪያ ስለካው 11.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ11.5 በታች ማለት ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

እውነት ነው፣ ልጆች እኩል አያድጉም። መዘግየትም ግን ገደብ አለው።

✅ እስከ 1 ዓመት፦ በ2 ወሩ ሰው አይቶ ፈገግ ይላል፣ በ4 ወሩ አንገቱ ይጸናል፣ በ6 ወር አካባቢ (ቢዘገይ በ9) ያለ ድጋፍ ይቀመጣል። ዓመት ሲሞላው ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው ሦስት እጥፍ ይሆናል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ! ውሃም፣ ቅቤም፣ የግመል ወተትም አይሰጠው። ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ ወፈር ያለ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት ይጀምር።

✅ ከ1 እስከ 3፦ ብዙዎቹ በ12 ወር አካባቢ ይራመዳሉ። 18 ወር ሞልቶት ያልሄደ ልጅ ግን ሐኪም ይየው። በ2 ዓመቱ «እማ ውሃ» ብሎ ሁለት ቃል ያገጣጥማል። ካላደረገ መስማቱን ማስመርመር ነው።

✅ ከ3 እስከ 5፦ ጥያቄው አያልቅም፤ አትቆጡት፣ መልሱለት። በ5 ዓመቱ አንጎሉ መጠኑ የአዋቂ 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር የተወለዱ ልጆቻችን ከእኩዮቻቸው ካጠሩ «ዘራችን አጭር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከእርግዝና እስከ 2 ዓመት ያለው ጊዜ ላይ የጎደለ ምግብ ቁመትንም ትምህርትንም ይጎዳል።

✅ ከ6 እስከ 9፦ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዓመት ሙሉ ሱሪው ካላጠረው ቁመቱን አስለኩት።

✅ ከ10 እስከ 19፦ ሴት ልጅ ከ8 እስከ 13 ባለው ዕድሜ ጡት ማውጣት ትጀምራለች። ወንዱ ከ9 እስከ 14 የዘር ፍሬው መተለቅ ይጀምራል። ከዚህ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ሐኪም ጋ ኑ። እናቶችና አባቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የወር አበባ ማየት ለትዳር መድረስ አይደለም። ዳሌዋ ገና እያደገ ነው፤ ምጥ ሲጠናባት ሕይወቷንም ሊያሳጣት፣ ለፌስቱላም ሊዳርጋት ይችላል። ሕጉም 18 ዓመት ይላል።

ያ ልጅ የመብላት ፍላጎት ስለነበረው ፕላምፒ ነት ተሰጥቶት በየሳምንቱ እየመጣ ታየ። ከሁለት ወር በኋላ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ገና አልሄደም፣ ክትትል ላይ ነን። በ18 ወሩ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ዕድሜውን በዝናብም ቁጠሩት በወር፣ ብቻ ቁጠሩት። ልጃችሁ ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ ቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ክንዱን ለኪልኝ በሏት። ደቂቃ አይፈጅም፣ በነጻ ነው።

ለምታውቋት እናት ሼር አድርጉላት።