ዲግሪውን የጨረሰው ማን ነው?

«ዲግሪዬን ጨርሼ ሥራ ማግኘት ከበደኝ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር አማርኛ የሚችል ሰው ሁሉ አንዴ ሰምቶ ይገባዋል። ዲግሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ማግኘት የከበደኝም እኔ ነኝ። አሁን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እንውሰደው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ በፊደላችን ስለምጽፈው ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ «ሀቪንግ ፊኒሽድ ማይ ዲግሪ፣ ፋይንዲንግ ኤ ጆብ ዎዝ ዲፊከልት።»

ሲሰሙት ያምራል። ረጅም ነው፣ መሀል ላይ ኮማ አለው፣ «ሀቪንግ» የሚል ከበድ ያለ ቃልም አለበት። ለፈተና አራሚው ግን ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ዲግሪውን የጨረሰው «ሥራ ማግኘት» የሚባል ነገር ነው እያለ ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ ቋንቋ አይደለም። ቢሆንም ጓደኞቼ ለአይኤልትስ ሲዘጋጁ ድርሰታቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማሩ፣ ዲግሪያቸውንም በእንግሊዝኛ የጨረሱ ልጆች ናቸው። የቃላት ችግር የለባቸውም። ደጋግሜ የማየው ችግር ፓርቲሲፕል ላይ ነው። ስህተቱን ደግሞ ስንፍና አላመጣውም። አማርኛ በነጻ የሚሰጠንን ነገር እንግሊዝኛም ይሰጠናል ብለን ስለምንጠብቅ ነው የምንሳሳተው።

ግማሽ ነጥብ ስንት ያወጣል?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። አይኤልትስ አራት ክፍል አለው፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። የአራቱ ውጤት ተደምሮ ለአራት ይካፈልና ወደ ቅርቡ ግማሽ ነጥብ ይጠጋጋል።

አንድ ተፈታኝ በማዳመጥ 6.5፣ በማንበብ 6.5፣ በመናገር 6፣ በመጻፍ 5.5 አመጣ እንበል። ድምሩ 24.5፣ አማካዩ 6.125 ነው። ይህ ወደ 6 ይወርዳል። መጻፍ ላይ 5.5 የነበረው 6 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 25፣ አማካዩ 6.25 ይሆን ነበር። 6.25 ደግሞ ወደ 6.5 ነው የሚጠጋጋው። 6.5 ለሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚህች ግማሽ ነጥብ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ስኮላርሺፕ እየጠበቀ ያለ ልጅ እንደገና ከፍሎ ሊፈተን ይችላል ማለት ነው። ክፍያው ለጀማሪ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

መጻፍም መናገርም ሲታረሙ በአራት መስፈርት ነው። ከአራቱ አንዱ፣ ማለትም 25 በመቶው፣ ሰዋስው ነው። አራሚው ሁለት ነገር ያያል፦ የዓረፍተ ነገር ዓይነታችሁ ምን ያህል የተለያየ ነው? ምን ያህልስ ትክክል ነው? ፓርቲሲፕል ሁለቱንም ይነካል። በትክክል ከተጠቀማችሁበት ጽሑፉን ከነጠላና አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያወጣዋል፤ ካበላሻችሁት ደግሞ ስህተቱ ከሩቅ ይታያል።

ባለቤቱን የማይዝ ግሥ

ፓርቲሲፕል ሁለት መልክ አለው። አንዱ «ኢንግ» የሚጨመርበት ነው፦ ዎኪንግ፣ ሪዲንግ፣ ቦሪንግ። ሌላው ትምህርት ቤት «ቨርብ ስሪ» እያልን የሸመደድነው ነው፦ ጎን፣ ኢትን፣ ስቶለን፣ ፊኒሽድ። በእንግሊዝኛ ስማቸው ፕረዘንት እና ፓስት ፓርቲሲፕል ይባላሉ። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ጊዜን አይናገሩም። ትናንት ያያችሁት ፊልምም ነገ የምታዩትም «ቦሪንግ» ሊሆን ይችላል።

እኛም የሚቀርበው ነገር አለን። የሰዋስው መጻሕፍት ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ማለት ነው፦ በልቼ፣ በልተህ፣ በልታ፣ በልተን። ብቻውን አይቆምም፤ ሌላ ግሥ ይጠብቃል። «በልቻለሁ» ስንልም «በልቼ» እና «አለሁ» ተጋጥመው ነው። እንግሊዝኛውም «አይ ሀቭ ኢትን» ሲል ረዳት ግሥና ፓርቲሲፕል እየገጠመ ነው። አሠራሩ ይመሳሰላል።

ልዩነቱ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። «በልቼ» ውስጥ እኔ አለሁ፤ «በልታ» ውስጥ እሷ አለች። አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ይዞ ይሄዳል። «ኢቲንግ» ውስጥ ግን ማንም የለም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ፓርቲሲፕል ባለቤቱን ከአጠገቡ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ባለቤቱ ያለ መስሎን እንተወዋለን።

ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን? ጥያቄው የሚያድናችሁ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንድ፦ ስሜት ሰጪና ስሜት ተቀባይ

«ኢኮኖሚክስ ይስበኛል» ስንል ሳቢው ኢኮኖሚክስ ነው፣ ተሳቢው እኔ ነኝ። መናገር ፈተና ላይ ስለ ትምህርታችሁ ስትጠየቁ «አይ አም ኢንተረስቲንግ ኢን ኢኮኖሚክስ» ካላችሁ «እኔ ሳቢ ሰው ነኝ» እያላችሁ ነው። ትክክሉ «አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ኢኮኖሚክስ» ነው።

እዚህ ላይ የሰፈር አማርኛችንም እጁ አለበት። «ኮንፊውዝ አደረገኝ»፣ «ሰርፕራይዝ አደረግኳት» እንላለን። የእንግሊዝኛውን ቃል ስንዋስ ጭራውን ቆርጠን ጥለን፣ ሰጪና ተቀባይን የመለየቱን ሥራ «አደረገ» ለሚለው የአማርኛ ግሥ ሰጥተነዋል። ፈተና ላይ ግን ጭራውን የምንቀጥለው ራሳችን ነን።

መፍትሔው እዚያው አማርኛ ውስጥ ነው። ስሜት የሚፈጥረውን ነገር የምንገልጸው አብዛኛውን ጊዜ በ«አ» ወይም በ«አስ» በሚጀምር ቅጽል ነው፦ አስገራሚ፣ አስፈሪ፣ አስደንጋጭ፣ አሳፋሪ፣ አድካሚ፣ አሰልቺ። እነዚህ በእንግሊዝኛ «ኢንግ» ይወስዳሉ፦ ሰርፕራይዚንግ፣ ፍራይትኒንግ፣ ሾኪንግ፣ ኢምባራሲንግ፣ ታየሪንግ፣ ቦሪንግ። የተገረመው፣ የፈራው፣ የደነገጠው፣ ያፈረው፣ የደከመው፣ የሰለቸው ሰው ደግሞ ሌላኛውን መልክ ይወስዳል፦ ሰርፕራይዝድ፣ ፍራይትንድ፣ ሾክድ፣ ኢምባራስድ፣ ታየርድ፣ ቦርድ። ይህ ለስሜት ቃላት ብቻ ነው፤ በ«አ» የሚጀምር ቃል ሁሉ ላይ አትሞክሩት።

ሁለት፦ ከኮማው ቀጥሎ የቆመው

ዓረፍተ ነገር በፓርቲሲፕል ከጀመራችሁ፣ ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤት የፓርቲሲፕሉም ባለቤት ይሆናል። ደንቡ ይኸው ነው።

«ወደ ቤት እየሄድኩ ዝናብ ያዘኝ» ለአማርኛ ጤነኛ ነው፤ «እየሄድኩ» እኔን ይዟል። «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬን ኮት ሚ» ግን ዝናቡን በእግሩ ወደ ቤቱ ይልከዋል። ከኮማው ቀጥሎ «አይ» ስናስገባ ይስተካከላል፦ «ዎኪንግ ሆም፣ አይ ወዝ ኮት ኢን ዘ ሬን።»

መግቢያዬ ላይ ያለውም በዚሁ ይድናል፦ «ሀቪንግ ፊኒሽድ ማይ ዲግሪ፣ አይ ፋውንድ ኢት ዲፊከልት ቱ ጌት ኤ ጆብ።» ወይም ፓርቲሲፕሉን ትታችሁ ባለቤቱን በግልጽ አስገቡ፦ «አፍተር አይ ፊኒሽድ ማይ ዲግሪ፣ ፋይንዲንግ ኤ ጆብ ወዝ ዲፊከልት።» ሰዓቱ እየሮጠ ከተጠራጠራችሁ ሁለተኛውን ምረጡ። ትክክል የሆነ ቀላል ዓረፍተ ነገር ከተበላሸ ውስብስብ ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

እንደ «ጀነራሊ ስፒኪንግ» ያሉ ባለቤት የማይጠየቁ የተለመዱ አባባሎች አሉ፤ እነሱን እንዳሉ ያዟቸው።

ፓርቲሲፕል መጨረሻ ላይም ይመጣል፣ እዚያ ደግሞ የእኛን «ይህም» ይተካል። «ዋጋ ጨመረ፤ ይህም ኑሮን አከበደ» ለማለት «ፕራይሰዝ ሮዝ፣ ሜኪንግ ላይፍ ሃርደር» ይበቃል። ግራፍ በሚያስነብበው የመጻፍ ክፍል ላይ ይህ መልክ ብዙ ያገለግላል፤ ለውጡንና ውጤቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርስላችኋል።

ሦስት፦ የተደበቀው «የ»

ይኼኛው ማንበብ ላይ ነው የሚጥለው። «ዘ ፋርመርስ ኦፈርድ ሎወር ፕራይሰዝ ስቶፕድ ሴሊንግ።» በፍጥነት ላነበበው «ገበሬዎቹ ዝቅተኛ ዋጋ አቀረቡ» ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ዝቅተኛ ዋጋ የቀረበላቸው ገበሬዎች መሸጥ አቆሙ» ነው። ዋጋ ያቀረበው ነጋዴው ነው። «ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን» የሚለው ጥያቄ ላይ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር መልሳችሁን ሙሉ በሙሉ ሊገለብጠው ይችላል።

አማርኛ «የቀረበላቸው» ሲል «የ» የምትባለው ፊደል ቀድማ ታስጠነቅቃለች። እንግሊዝኛ ግን «ሁ ወር» የሚሉትን ቃላት አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ ፓርቲሲፕሉ ብቻውን ሲቀር ያለፈ ጊዜ ግሥ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግሥ የሚመስሉ ቃላት ስታዩ፣ ከመጀመሪያው በፊት «ሁ ወር» ወይም «ዊች ወር» አስገብታችሁ ሞክሩ። «ዘ ፋርመርስ ሁ ወር ኦፈርድ ሎወር ፕራይሰዝ ስቶፕድ ሴሊንግ» ትርጉም ሰጠ? እንግዲያው የመጀመሪያው ፓርቲሲፕል ነው፤ እውነተኛው ግሥ «ስቶፕድ» ነው። አንዴ ዓይናችሁ ከለመደው በኋላ ሴኮንዶች ነው የሚወስደው። 40 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ እነዚያ ሴኮንዶች ብዙ ናቸው።

እስቲ ሞክሩት

ስልካችሁን ሳትዘጉ እነዚህን ሦስቱን አርሙ ወይም ፍቱ።

1. «አይ ወዝ ሾኪንግ ዌን አይ ሳው ዘ ፕራይስ።»
2. «ሊቪንግ ኢን አዲስ አበባ፣ ትራንስፖርት ኢዝ ኤ ቢግ ፕሮብለም።»
3. «ዘ ድራይቨርስ ፔይድ ኢን ካሽ ሌፍት ኧርሊ።» ሾፌሮቹ ከፈሉ ወይስ ተከፈላቸው?

መልሱ፦ በመጀመሪያው የደነገጠው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ «ሾክድ»። በሁለተኛው አዲስ አበባ የሚኖረው ትራንስፖርት አይደለም፤ «ሊቪንግ ኢን አዲስ አበባ፣ አይ ስትራግል ዊዝ ትራንስፖርት» ብትሉ ይስተካከላል። በሦስተኛው ሾፌሮቹ ተከፈላቸው፤ እውነተኛው ግሥ «ሌፍት» ነው።

ከዚህ በኋላ ለአንድ ሳምንት ይህን አድርጉ። በየቀኑ አንድ አንቀጽ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ርዕሱ ምንም ይሁን። ስትጨርሱ «ኢንግ» ያለበትን ቃልና «ቨርብ ስሪ»ውን ሁሉ አስምሩበት፣ ከአጠገቡም የባለቤቱን ስም በአማርኛ ጻፉ፦ እኔ፣ እሷ፣ መንግሥት፣ ዝናቡ። የባለቤቱን ስም መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ ላይ አራሚውም ባለቤቱን አያገኘውም፤ እዚያ ጋ ቆማችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፉት። ፈተናው አዳራሽ ውስጥም የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ለዚሁ ብቻ አስቀሩ።