አንገት ላይ የቆመው ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ1970 ክሊቭላንድ ውስጥ ሮበርት ኋይት የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የአንዷን ጦጣ ጭንቅላት ቆርጦ በሌላዋ ገላ ላይ ሰፋ። ጦጣዋ ነቃች፤ የሰውን እንቅስቃሴ በዐይኗ ተከታተለች፤ ልትናከስም ቃጣት። ከአንገቷ በታች ግን ሽባ ነበረች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም የጭንቅላት ንቅለ ተከላ ነገር ከዚያች ጦጣ እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

ከኋይት በፊት የሶቪየቱ ቭላዲሚር ዴሚኮቭ በ1954 የቡችላን ጭንቅላትና የፊት እግሮች በትልቅ ውሻ አንገት ላይ ሰፍቶ ዓለምን አስደንግጧል። በእኛ ዘመን ጉዳዩን ያጋጋለው ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ካናቬሮ ነው። በ2013 ዕቅዱን ይፋ አደረገ፤ በ2015 ጡንቻ በሚያሟሽሽ የዘር በሽታ የተያዘው ሩሲያዊ ቫለሪ ስፒሪዶኖቭ «እኔ አለሁ» አለ። በ2017 ካናቬሮ ከቻይናዊው ሐኪም ሬን ሺያዎፒንግ ቡድን ጋር ሙከራው በሬሳ ላይ እንደተሳካ አወጀ። ሬሳ ላይ መስፋት እጅን ያፍታታ ይሆናል፤ ሕመምተኛ ስለመዳኑ ግን ምንም አያስረዳም። ስፒሪዶኖቭም ሐሳቡን ቀይሮ ትዳር መሠረተ።

የደም ሥርን መልሶ መስፋት አዲስ ነገር አይደለም፤ አሌክሲስ ካሬል በ1912 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። አንጎልን አቀዝቅዞ ጊዜ መግዛት ይቻላል። ባዕድ አካል እንዳይገፋ የሚያደርጉ መድኃኒቶችም አሉ። ማሰሪያው የሚጠብቀው ሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። አንዴ ከተቆረጠ እንደገና ትእዛዝ እንዲያስተላልፍ ማድረግ እስካሁን አልተቻለም። ካናቬሮ ተስፋ ያደረገው ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ኬሚካል ነበር፤ በእንስሳት ላይ ታየ የተባለው ውጤት ግን ባልደረቦቹን አላሳመነም።

ነገሩን ከአሶሳ ሆነው ሲያዩት አንድ የማይመለስ ጥያቄ ይነሣል። አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ወርቅ በባህላዊ መንገድ ይቆፈራል፤ ጉድጓድ ይናዳል። በዚህ ዐይነት አደጋ አከርካሪው ተሰብሮ ሽባ የሆነ ሰው የሌላ ሰው ገላ አያስፈልገውም፤ የተጎዳው የገዛ ሕብለ ሰረሰሩ ነው። የተቆረጠን ሕብለ ሰረሰር መቀጠል የሚችል ሐኪም ካለ መጀመሪያ እሱን አያድንም? እሱን ማዳን ያልቻለ ደግሞ የሁለት ሰዎችን አካል በምን ያገናኛል? በእኔ እምነት የካናቬሮን ዕቅድ ለመጣል ይህ ቅደም ተከተል ብቻውን ይበቃል።

ሥነ ምግባሩ ከዚህ ይከብዳል። አንድ ሙሉ ገላ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ልብ፣ ጉበት፣ ሳንባና ሁለት ኩላሊት ከሌሎች ሕመምተኞች ይቀራሉ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነው፤ ኩላሊቱም የሚገኘው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሕመምተኛ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ለጋሹን ዘመዱንም ይዞ መሆኑ ነው። ከሟች መውሰድን በተመለከተ ሕዝቡ የሚያውቀው የዐይን ባንክ የሚሰበስበውን የዐይን ብሌን ነው።

ሕጋችን ስለ ጭንቅላት ንቅለ ተከላ ባያስብም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ የሚጠቅም ነገር ይዟል። ቁጥር 18 አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ስጦታ ቢያደርግ ፈራሽ ነው ይላል፤ የሕክምና ደንብ የሚደግፈው ካልሆነ በቀር። በእንስሳት እንኳ ያልተረጋገጠን ነገር የትኛው የሕክምና ደንብ ይደግፈዋል? ቁጥር 19 ደግሞ ሰው ስለ አካሉ የሰጠውን ቃል በማናቸውም ጊዜ እንዲሽር ይፈቅዳል፤ አንገት ከተቆረጠ በኋላ ግን የሚሻር ነገር የለም።

ብዙም የማይነገርለት፣ ሃይማኖትንም የሚነካ የዘር ጉዳይ አለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ 45 በመቶ ገደማ ሙስሊም ነበር። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 የአካል ንቅለ ተከላን በቅድመ ሁኔታ ቢፈቅድም፣ በ1990 የወንድ የዘር ፍሬንና የሴት እንቁልጢን ማዛወር ከልክሏል። ምክንያቱም ከተዛወሩ በኋላም የመጀመሪያውን ባለቤት ዘር ማስተላለፋቸውን ስለሚቀጥሉ ነው። ሙሉ ገላ ሲዛወር እነዚህም አብረው ይሄዳሉ። ቀዶ ሕክምናው ሠምሮ ሰውየው ልጅ ቢወልድ የዘረመል ምርመራው አባት አድርጎ የሚያሳየው ሟቹን ለጋሽ ነው፤ የውርስ ክርክር ቢነሣም ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ይሆናል።