አዲስ የግንባታ ሠራተኛን በወረርሽኝ ጊዜ ከሥራው ጋር ማስተዋወቅ



የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ በይፋ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር ባሕር ዳር ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ከተገደበባቸው የክልሉ ከተሞች አንዷ ሆነች። ይሁን እንጂ የቀን ሠራተኛ ቤቱ ተቀምጦ ሊበላ አይችልምና ሥራ ፍለጋ መውጣቱ አልቀረም። ያን ጊዜ በግንባታ ላይ የነበረውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ የመሰለ ትልቅ ሥራ አጥርና የሠራተኛ መዝገብ ይኖረዋል። የእኔ ጭንቀት ግን በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚሠራው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ነው፤ በዚያ ሠራተኛው ማለዳ ከመንገድ ዳር ተጠርቶ ወዲያው ባሬላ ይጨብጣል።

በእኛ ዘንድ የግንበኝነት ሙያ የሚተላለፈው በዓይንና በቃል ነው። ረዳቱ ከግንበኛው ጎን ቆሞ ቱንቢ አጣጣሉን ያያል፤ የሚክሰሩ ድምፅ ሲበረታም ፎርማኑ ጆሮው ሥር ተጠግቶ ይጮኽለታል። ወረርሽኙ የከለከለው ይህንኑ መጠጋትና መጮኽ ነው። እንግዲህ «ተራራቁ» ብሎ መለጠፍ ብቻውን የማስተማሪያውን ዘዴ መንጠቅ ነው፤ ምትክ ካልተሰጠው አዲሱ ሠራተኛ ከበሽታው ቢተርፍ እንኳ ከመወጣጫው ይወድቃል።

ምትኩ አስቸጋሪ አይደለም። ሚክሰሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ገላጣ ቦታ ላይ፣ አምስት ስድስት ሰው ሆኖ በተግባር ማሳየት፤ ቀጥሎም አዲሱ ሠራተኛ ራሱ እንዲደግመው ማድረግ። የባሬላ ጓደኛሞችን በየቀኑ አለመቀያየር። የውሃ መጠጫ ጣሳን በጋራ አለመጠቀም። ሲሚንቶ የነካው እጅ ላይ አልኮል ማፍሰስ የተሰነጠቀውን ቆዳ ከማቃጠል በቀር ብዙም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው ውሃና ሳሙና ነው። በላብ የራሰና ሲሚንቶ የጠጣ ጭምብልም መቀየር አለበት፤ ቅያሪውን የሚያቀርበው አሠሪው ነው።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ደመወዝ ካልተነገረ ከንቱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያስገነዝብ ያስገድዳል። ይኸው አዋጅ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ታዲያ መብቱ የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው፤ የሙከራው ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። ልብ በሉ፤ በዚህ አንቀጽ የማይሸፈነው ዛሬ የምንነጋገርበት አዲስ ገቢው ነው! ትኩሳቱን የሚናገር ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያጣ ከሆነ አይናገርም፤ ሳሉን ውጦ ባሬላውን ያነሣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማለዳ የመጀመሪያ ንግግር ስለ ጭምብል ሊሆን አይገባም። «ካመመህ ንገረኝ፤ የዛሬውን ሒሳብህን ትወስዳለህ፣ ሲሻልህም ቦታህ ይጠብቅሃል» መባል አለበት። ፎርማኑ ይህን ለማለት ሥልጣን ከሌለው፣ ያን ማለዳ ከጎኑ ቆሞ መናገር ያለበት ከፋዩ ራሱ ነው።